እማዬን ስትሮክ መታት፤ ስኳሯ 287 ሆኖ ለምን ቶሎ አያወርዱላትም?

የቤቱ ታናሽ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ከሆስፒታል ኮሪደር ነው የምጽፈው። የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቀዳች ሳለ ጀበናው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏም ወደ ግራ ተጣመመ። ጎረቤት ተሰበሰበና «ምች ነው» ተባለ። ዳማ ከሴ ታሽቶ ተቀባች፣ ጋቢ ለብሳ ተኛች። እኔ ስደርስ ከሁለት ሰዓት በላይ አልፎ ነበር። ያንን ሁለት ሰዓት ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ድንገተኛ ክፍል ገና እንደገባን ጣቷን ወግተው ስኳሯን ለኩ። 287። እማዬ «ስኳር አለብሽ» ተብላ አታውቅም። ከዚያ ሲቲ ስካን ተነሳች። ደም አልፈሰሰም፣ የደም ሥሩ ተዘግቶ ነው አሉን።

አሁን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። በየ6 ሰዓቱ ስኳሯን ይለካሉ። ከ180 ሲያልፍ ትንሽ ኢንሱሊን ከቆዳዋ ሥር ይወጓታል። ትናንት ማታ 171 ሆነ። ሲስተሯ ቁጥሩን ጻፈችና ምንም ሳትሰጣት ሄደች። ሬዚደንቱን ስጠይቀው «ከ140 እስከ 180 ነው የምንፈልገው» አለኝ። የጤነኛ ሰው ስኳር ሳይበላ ከ100 በታች አይደለም እንዴ? አጎቴ «ስኳሩ ጭንቅላቷን እየበላው ቆመው ያያሉ» ብሎ ከሐኪሞቹ ጋር ተጣላ። ሌላ ቦታ እንውሰዳት እያለ ነው።

ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ጉልኮስ እንኳን አልተከሉላትም። ሌላ ውሃ ነው የተሰቀለው። ለምን?


ብርቱካን ሽሮሜዳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላት እህቴ። በዚህ ሁኔታ ግን ከአልጋዋ አታንቀሳቅሷት። አጎትሽን እንደምንም አረጋጊያቸው።


የሌሊት ተረኛ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ነርስ ነኝ፣ ውስጥ ደዌ ዋርድ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ስኳሩ ሐኪሞች ይመልሱልሽ። እኔ ስለ ጉልኮሱ ልንገርሽ።

እኛ አገር በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሁሉ ጉልኮስ ይባላል። እናትሽ ላይ የተሰቀለው ኖርማል ሳላይን ይመስለኛል፤ የጨው ውሃ ነው። ሆን ተብሎ ነው። እውነተኛው ጉልኮስ ስኳር ነው። ስኳራቸው 287 ለሆነ ሰው እሱን መስቀል እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው። አስታማሚ ሁሉ «ጉልኮስ ይተከልላት» ብሎ ይለምነናል። ከፍቅር የመጣ ልመና ስለሆነ አይከፋኝም። ግን እንቢ ስንል ለእሳቸው ብለን ነው።

አሁን የምነግርሽ ደግሞ ከስኳሩ እኩል ነው። መዋጥ መቻላቸው ሳይፈተሽ በአፋቸው ምንም እንዳትሰጪ። ውሃ በማንኪያም ቢሆን፣ ጠበልም ቢሆን። ስትሮክ ጉሮሮን ያሰንፋል። ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ እሳቸው ላያስሉም ይችላሉ። ከንፈራቸው ከደረቀ በእርጥብ ፋሻ አርሽላቸው። ምግቡን በአፍንጫ ቱቦ ይጀምሩላቸዋል፤ ነገ ጠዋት በራውንድ ጠይቂ።


የውስጥ ደዌ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

እህቴ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። እናትሽን ስላላየኋቸው ስለ እሳቸው አልወስንም። የጠየቅሽው ግን ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀው ነው።

አጎትሽን እረዳቸዋለሁ። 287 ሲባል ማን ይረጋጋል? ግን ሐኪሞቹ ቆመው እያዩ አይደለም። ከ140 እስከ 180 የሚለው ቁጥር ሬዚደንቱ ከኪሱ ያወጣው አይደለም። የአሜሪካ የልብና የስትሮክ ማኅበራት መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ስኳሩ ለምን ወጣ? አንጎል ሲጎዳ ሰውነት ይደነግጣል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይረጫል። ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ኢንሱሊኑም እንደ ወትሮው አይሠራም። ስለዚህ ስኳር በሽታ የሌለበት ሰው እንኳ ስትሮክ በመታው ቀን 200 ሊደርስ ይችላል። ወይም ደግሞ በሽታው ቆይቶባቸው ማንም ሳያውቅ ቀርቶ ይሆናል። ይህን የሚለየው የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ ነው፣ ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ። ተልኮ እንደሆነ ጠይቂ።

ከፍ ያለ ስኳር መጥፎ ምልክት መሆኑ እውነት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. 32 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ታትሞ ነበር። ስኳር በሽታ ሳይኖርባቸው ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች መካከል፣ ሆስፒታል ሲገቡ ስኳራቸው ከፍ ያለው በቶሎ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ 3 እጥፍ ገደማ ነበር። ደም በቀነሰበት የአንጎል ክፍል ውስጥ ስኳር ሲበዛ አሲድ ይጠራቀማል፣ ሊተርፍ የሚችለው ሕዋስ ይጎዳል።

«እንግዲያው ቶሎ ይውረዳ!» ማለታችን አይቀርም። እኔም ስማር እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ተሞክሮ ታየ።

መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ተሞከረ። በ2007 የታተመው ጥናት 933 ሰዎችን ይዞ ነበር። ኢንሱሊን ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር ለ24 ሰዓት ተሰጣቸው። በ90 ቀን የሞቱት ቁጥር ላይ ልዩነት አልመጣም። ሕመምተኛ እንደታሰበው ስላልተገኘ ጥናቱ ቀድሞ ቆመ፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

የዘጋው በ2019 የታተመው የአሜሪካው ሻይን ጥናት ነው። 1,151 ሰዎች ገቡበት፤ አማካይ ዕድሜያቸው 66፣ አብዛኞቹም ስኳር በሽታ ያለባቸው። ግማሾቹ ኢንሱሊን በደም ሥር እየተንጠባጠበላቸው ስኳራቸው ከ80 እስከ 130 መሃል እንዲሆን ተደረገ። ግማሾቹ ልክ እንደ እናትሽ ከቆዳ ሥር እየተወጉ ከ180 በታች ብቻ እንዲሆን። እስከ ሦስት ቀን። በ90 ቀን ደህና የሆኑት አጥብቆ ከወረደላቸው 20.5 ፐርሰንት፣ ከሌሎቹ 21.6 ፐርሰንት። ምንም ልዩነት የለም። ነገር ግን አጥብቆ ከወረደላቸው 15 ሰዎች ስኳራቸው ከ40 በታች ወደቀ። ከሌሎቹ አንድም ሰው አልወደቀበትም። ጥቅም እንደማያመጣ ሲታወቅ ጥናቱ ከታሰበው ቀን በፊት ተቋረጠ።

ከ40 በታች ማለት ምን ማለት ነው? ጡንቻና ጉበት ስኳር ያስቀምጣሉ። አንጎል ግን ይህ ነው የሚባል ጎተራ የለውም። በየደቂቃው ከደም ነው የሚቀበለው። ደሙ ባዶ ከሆነ ይራባል። ቀድሞ የተጎዳ አንጎል ደግሞ ሁለተኛ ረሃብ አይችልም። የ171ዱ ምሽት ሲስተሯ ኢንሱሊን ሳትሰጥ የሄደችው ለዚህ ነው። ትክክል ነች።


መርካቶ ሰፈሬ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ይህ አይዋጥልኝም። አባቴ 400 ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳይነካው አደረ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ጥናት ጥናት ስትሉ ሽማግሌ እየሞተ ነው። ስኳር መርዝ ነው፣ መርዝ ደግሞ ይወጣል እንጂ አይደላደልም።


የውስጥ ደዌ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ስለ ሐዘንህ ከልብ አዝናለሁ።

አንድ ነገር ግን ልለይልህ። እኔ ስኳር ይተው አላልኩም። 400 ሆኖ ያለ ኢንሱሊን ማደር በየትኛውም መመሪያ ልክ አይደለም። ከ180 ሲያልፍ ይታከማል። በሻይን ጥናት ውስጥ ያልታከመ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን ኢንሱሊን አግኝቷል። ልዩነቱ እስከ ምን ድረስ እናውርድ የሚለው ላይ ነው። 180 ላይ ማቆምና 400 ላይ መተው ሰማይና ምድር ናቸው። የአባትህ ጉዳይ የክትትል ማጣት ነው፣ ቁጣህም ተገቢ ነው።

ሌላም ልጨምር። ስትሮክ ትልቅ በሆነ ቁጥር ሰውነት የበለጠ ይደነግጣል፣ ስኳሩም የበለጠ ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ በከፊል የጉዳቱ መለኪያ ነው። ቁጥሩን ማውረድ የረጋውን ደም አይከፍተውም።

በጽኑ ሕሙማን ክፍልም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2009 የታተመ፣ አብዛኛው አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ካናዳ ውስጥ የተሠራ፣ 6,104 ሰዎች የነበሩበት ጥናት ነው። የስትሮክ ሕመምተኞች ጥናት አይደለም፣ በጠና የታመሙ ሰዎች ነው። ስኳራቸው ከ81 እስከ 108 እንዲሆን የተደረጉት 27.5 ፐርሰንቱ ሞቱ። እስከ 180 የተፈቀደላቸው 24.9 ፐርሰንት። አጥብቆ ማውረድ ሰው ገደለ ማለት ነው።


ከሲልቨር ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ዶክተሩ ስለ ዝቅተኛ ስኳር ያለውን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ልንገራችሁ።

አባቴ 79 ነው፣ ሜሪላንድ አብሮኝ ይኖራል። ለስኳሩ ግሊቤንክላማይድ ይውጥ ነበር፣ እዚህ ግላይቡራይድ ይሉታል። ሁዳዴ ገባ። አትጹም ብንለው አልሰማም። እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፣ ክኒኑን ግን ጠዋት ይውጣል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። «አባዬ» አልኩት። የሚመልሰው አይገባም። ምላሱ ተሳስሯል። ቀኝ እጁን አነሳሁለት፣ ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ። አለቀ፣ ስትሮክ ነው አልኩ።

911 ደወልኩ። ሰዎቹ መጡና ከምንም በፊት ጣቱን ወጉ። 34። በደም ሥሩ ስኳር ሰጡት። እጁን ይዤው ነበር። መጀመሪያ ጣቶቹ ቀስ ብለው ጨበጡኝ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ «ምን ተፈጥሮ ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለ። ጥርት ባለ አማርኛ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስትሮክ አልነበረም። ስኳር መውደቅ ነበር። ለዚህ ነው የእህታችንን እናት ገና በር ላይ ጣታቸውን የወጓቸው።


የውስጥ ደዌ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ይህን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ዝቅተኛ ስኳር ልክ እንደ ስትሮክ ግማሽ አካልን ሊያደክም፣ አፍ ሊያስር ይችላል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከመስጠት በፊት የግድ ውጤቱ መታወቅ ያለበት የደም ምርመራ ስኳር ነው። ሌላው ምርመራ ሊከተል ይችላል። ከ60 በታች ከሆነ ወዲያው ይታከማል።

አረጋውያን ላይ ሁለት ነገር ያከብደዋል። ስኳር ሲወድቅ የሚመጣው ማላብና መንቀጥቀጥ በዕድሜ ይደበዝዛል፤ አንዳንድ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒትም መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ግሊቤንክላማይድ ነው። ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ በተለይ ኩላሊት ከደከመ። ስኳር ተሰጥቶት የነቃ ሰው ከሰዓታት በኋላ መልሶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «ነቃ፣ ወደ ቤት» አይባልም፣ ያድራል።

ቤት ውስጥ ግን ማንም «ስኳር ወርዶበት ይሆናል» ብሎ እንዳይጠብቅ። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከወደቀ፣ አፍ ከተሳሰረ፣ መለኪያ ካለ እየለካችሁ ወደ ሆስፒታል።


የለንደኗ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

እዚህ አክስቴ ስትሮክ መቷት ተኝታለች። ወረቀቷ ላይ 9.4 ይላል። እናንተ 171 ስትሉ እኔ ሞታለች ብዬ ልጮህ ነበር።


የሌሊት ተረኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

አይዞሽ የኔ እህት፣ መለኪያው ነው የተለየው። የእናንተን ቁጥር በ18 አባዢው። 9.4 ማለት 169 ነው፤ ከእህታችን እናት ጋር እኩል ናቸው። እንግሊዝ አገር ያለው መመሪያ ከ4 እስከ 11 ይላል። በእኛ ሲሆን ከ72 እስከ 198 ነው።

ለየቤቱ ታናሽ ደግሞ አንድ ነገር። አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ በነርሶች የተመራ ሥራ በ2011 ታትሟል። እኔን ነርስነቴን ያስወደደኝ ሥራ ነው። 19 የስትሮክ ክፍሎች ነበሩ። በግማሾቹ ነርሶቹ ሦስት ነገር አጥብቀው እንዲከታተሉ ሠለጠኑ። ትኩሳት፣ ስኳር፣ መዋጥ። ለ72 ሰዓት። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ ማሽን የለም። በ90 ቀን የሞቱ ወይም በሰው እጅ የቀሩ፣ በሠለጠኑት ክፍሎች 42 ፐርሰንት፣ በሌሎቹ 58 ፐርሰንት ነበሩ። ስኳሩ ለብቻው ሳይሆን ከሁለቱ ጋር አብሮ ሲጠበቅ ነው ሰው የዳነው። እናትሽ ትኩሳት እንዳላቸው ጠይቂ። ግንባራቸው ከሞቀሽ ተራሽን አትጠብቂ፣ ጥሪን።

ቱቦው ከገባላቸው በኋላ ደግሞ የምትሰጪውን ሁሉ ለሲስተሯ ንገሪ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ለአባቱ ጉልበት ይሁነው ብሎ አጥሚቱ ላይ ማር አሟሙቶ በቱቦ ሰጠ። አልነገረንም። ስኳሩ 340 ሆነ። ኢንሱሊኑ ሊጨመር ሲል ሌላዋ አስታማሚ ሹክ አለችኝ። ብንጨምርለትና ልጁ በማግስቱ ማሩን ቢተው ኖሮ ሰውየው ይወድቅ ነበር። የተገላቢጦሹም አለ። ኢንሱሊን ተወግቶ ቱቦው ከወጣ ወይም ምግቡ ከቆመ ቶሎ ንገሩን።

እጃቸውንም እጠቢላቸው። ብርቱካን የነካ ጣት ሲወጋ መለኪያው የብርቱካኑን ስኳር ጨምሮ ያነባል። ስንወጋም የጣቱን ጎን እንጂ ጫፉን አንወጋም፣ ጫፉ ያማል።


የቤቱ ታናሽ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለአጎቴ የዶክተሩን መልስ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማ። «እነዚያ 15 ሰዎች» አለና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሌላ ቦታ እንውሰዳት ማለቱን ትቷል።

ቱቦው ገብቶላታል። ስኳሯ ሁለት ቀን ከ150 እስከ 190 መሃል ነው። ትኩሳት የለም።

የሦስት ወር ስኳሯ ግን 8.1 መጣ። ቆይቶባታል አሉ። አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ፊታችን ነበር። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሳ ነበር። ጆግ ውሃ አልጋዋ አጠገብ ነው። እርጅና ነው ስንል ከረምን። ያን ጊዜ ብናስለካት ይሄ አይመጣም ነበር?


የውስጥ ደዌ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ዕድሜ፣ ሁሉም አብረው ነው ስትሮክ የሚያመጡት። አንዱን ነጥለሽ ራስሽን አትክሰሺ። ሌሊት ለሽንት የሚነሱ እናት ያለው ቤት ስንት ነው? አንቺ ስላልተማርሽ እንጂ ስላልወደድሻቸው አይደለም።

6.5ና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር በሽታ ይባላል። ምርመራው የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ የቅዳሜው ድንጋጤ 8.1 አያደርሰውም። እንደ እናትሽ ዕድሜያቸው ለገፋና ሌላ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ8 በታች ይበቃል። እንደ ወጣት 6 እና 7 ላይ ለማድረስ አትሩጡ። ከሆስፒታል ሲወጡ የሚታዘዘውን መድኃኒት ስሙን ጠይቂ፣ ኩላሊታቸውም መታየቱን ጠይቂ። ከላይ የሲልቨር ስፕሪንጉን ወንድማችንን ታሪክ አስታውሺ።


መርካቶ ሰፈሬ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ዶክተር፣ ማታ መልስዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አባቴ የሞተው ስኳሩ ቀስ ተብሎ ስለወረደ ሳይሆን ማንም ስላልለካው ነው። አሁን ገብቶኛል። እናቴ 68 ናት፣ ተለክታ አታውቅም። ነገ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።


የቤቱ ታናሽ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ዛሬ መዋጥ ተፈተነች። ወፈር ያለ አጥሚት አምስት ማንኪያ ወሰደች፣ አላነቃትም። ቱቦው ነገ ይወጣል ብለዋል። ንግግሯ ገና ነው፣ ቀኝ እግሯን ግን ከፍራሹ ላይ ትንሽ አነሳች።

መውጫ ወረቀቷ ላይ የሚጻፈውን መድኃኒት ስሙን ጠየቅኩ። የጾም ነገርም አነሳሁ፤ እማዬ ጾም ፈትታ አታውቅምና። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ግሊቤንክላማይዱን ሰርዞ በሌላ ቀየረው። «ለንስሐ አባቷም ንገሯቸው» አለኝ።

ጠዋት ሲስተሯ መለኪያውን ይዛ ስትመጣ እማዬ ሳትጠየቅ ግራ እጇን አውጥታ ጣቷን ሰጠቻት። 158።